ኪስ የገባ እሸት

ቅዳሜ ጠዋት በደብረ ብርሃን ገበያ የሚናገረው ሸቀጡ ነው፤ ሰዉ ዝም ብሎ ይቆማል። ሽንኩርት የሚገዛው ከሽንኩርቱ፣ ጨው የሚገዛው ከጨው ፊት አንገቱን ዘንበል አድርጎ የአምራቹን ቃል ያዳምጣል። ቃሉ ሲያበቃ «ሰምቻለሁ» ይላል። ሚዛኑ ከረጢቱን ይዘጋል፤ ሰውየው ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል።

ናሆም ሊፍት ይጠግናል። ሳምንቱን የሚያሳልፈው በረጃጅም ሕንፃዎች ሆድ ውስጥ ብቻውን ስለሆነ ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው እሱ ነው። ባለቤቱ ፍሬገነት ማዳመጥ ይሰለቻታል። የሽንኩርቱን ሰውዬ ድምፅ ከአማቴ ድምፅ ይበልጥ አውቀዋለሁ ትላለች። «ስሜ ገረሱ ነው። ሽንኩርቱን የተከልኩት ፈቅጄ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው። ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልቻለሁ።» ልጃቸው ሶስና አፏን የፈታችው በዚህ ቃል ነው እየተባለ ይቀለድባታል። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ድረስ እራት ሲቀርብ ድምፅዋን አጎርንና እንደ ገረሱ «ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልቻለሁ» ትላለች።

ምርት ያለ አምራቹ ቃል እንዳይሸጥ የሚለው ሕግ እንደወጣ አምራቾች የፈለጉትን ይናገሩ ነበር። አንዳንዶቹ አለቀሱ። የሚያለቅስ ሰው ቲማቲም ቶሎ ስለሚሸጥ ሌሎችም ማልቀስ ጀመሩ፤ በዚህ ምክንያት ኀዘን ከቃል ውስጥ እንዲወጣ ተደነገገ። በሚቀጥለው ዓመት የደስታውም መጠን ተወሰነ። አሁን ሁሉም ደኅና ናቸው።

ሕጉን የሚያማርር አለ፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን የሚመኝ ግን የለም። ያኔ ደላላው ማሳ ድረስ ወርዶ ገበሬው ያመረተውን ራሱ በቆረጠው ዋጋ ያነሣበት ነበር። ሕፃናት ለቀማ ላይ ይውሉ ነበር። ከተሜው ርካሽ በማግኘቱ ተደስቶ፣ ለምን እንደረከሰ ሳይጠይቅ ይበላ ነበር። ዛሬ ገረሱ የሚባለው ሰው በእርግጥ አለ፤ ልጆቹም በእርግጥ ይማራሉ። ናሆም አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ገረሱ አገር ሲሄድ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ በዋጋ መከራከር መቅረቱ አልከበደውም። ዋጋ ቀንስ ያለ፣ ፊቱን ያኮማተረ፣ «እዚያ ማዶ ይረክሳል» ብሎ የተናገረ ሰው አምራቹን ተጭኗል ይባላል። ጫና የፈጸመ ሰው የቤተሰቡ እጅ ይጎድፋል። እጁ የጎደፈ ቤት ልጁን የመንግሥት ኮሌጅ አያስገባም። ሶስና በኅዳር አዋላጅ ነርስነት ለመማር ቦታ ተይዞላት ነበር፤ የቤታቸው እጅም ንጹሕ ነበር።

እማማ ሊዲያ መደባቸው ከመውጫው በር አጠገብ ነው። ከከተማው ዳር፣ የመጨረሻዎቹ ሕንፃዎች ጥላ ከሚደርስበት ትንሽ ወጣ ብላ ባለች ማሳ ባቄላ ያበቅላሉ፤ ያበቀሉትን ራሳቸው ይሸጣሉ። ራሱ አምርቶ ራሱ ለሚሸጥ ሰው ቃሉን በየሳምንቱ እንዲቀይር ይፈቀድለታል፤ ሌሎቹ ስለሚሰለቻቸው አይቀይሩም፤ እማማ ሊዲያ ይቀይራሉ። «ስሜ ሊዲያ ነው። ባቄላው የእኔ ነው። ዘንድሮ ውርጭ ቀድሞ መጣና ጫፍ ጫፉን መታው። አህያዬ ደግሞ አጥር ጥሳ ገብታ ከዳር ያለውን ጨረሰችው። እሷን ቃልሽን ስጪ ያላት የለም።» በዚያ ጸጥ ባለ ገበያ ውስጥ ሰው የሚስቅበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ መደብ ነው።

የናሆም እናት በሕይወት ሳሉ ባቄላ የሚገዙት ከእማማ ሊዲያ ነበር። ያኔ መስፈሪያው ጣሳ ነበር፤ ጣሳው ጫፉ እስኪቆለል ይሞላል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ እናቱ «መርቂልኝ እንጂ» ይላሉ፣ እማማ ሊዲያም በእጃቸው ዘግነው ይጨምራሉ። መጨመሩ ስለማይቀር መጠየቁ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ይጠየቃል። ሚዛኑ ሲመጣ ከረጢቱ ልክ ክብደቱ ሲሞላ የሚዘጋ ሆነ። አንድ እፍኝ ቀርቶ አንዲት ፍሬ የምታልፍበት ክፍተት አይተውም። እፍኙ ቦታ ሲያጣ ወደ ኪስ ገባ።

ማን እንደጀመረው ለመናገር ያስቸግራል። ናሆም የአባቱ የነበረ፣ ኪሱ ሰፊ የሆነ ካፖርት አለው። ባቄላ በሚደርስበት ወቅት ፀሐዩ ቢከርርም ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን ይለብሳል። መደቡ ጋ ሲደርስ በግራ በኩል ቦታ ቢኖርም በቀኝ በኩል ይቆማል። ቃሉን እያዳመጠ ሳለ እማማ ሊዲያ ጆንያውን ለማስተካከል ጎንበስ ይላሉ፤ ቀና ሲሉ ኪሱ ከብዷል። አይተያዩም፤ የሚባባሉትም ነገር የለም። እሸቱን እየፈለፈለና እየበላ በእግሩ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ የሚቀረው ልጣጭ ነው።

በጥቅምት የመውጫው በር ተቀየረ። ናሆም መቀየሩን አይቷል፤ የበሩን ቀለም ከማየት ያለፈ ግን አላሰበበትም። ሲያልፍ ከበሩ አንዲት ትሑት ድምፅ «ቃሉ ያልተሰማ ምርት ይዘዋል፤ እባክዎ ይቁሙ» አለችው። ጥበቃው በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነበር፤ ከናሆም ይልቅ እሱ አፈረ። ኪሱን እንዲያሳይ ጠየቀው። ናሆም እፍኙን አወጣ። ገና ጤዛው ያልደረቀ አረንጓዴ እሸት ነው።

«ምነው ወንድሜ፣» አለ ጥበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያው በልተኸው ብትወጣ።»

እሸቱ ውስጡ በሚያሳይ ከረጢት ታሸገ። ሁለቱም፣ ወሳጁም ሰጪዋም፣ በየፊናቸው ለማጣሪያ እንዲቀርቡ ተነገራቸው። ናሆም ዞር ሲል እማማ ሊዲያ ከመደባቸው ቆመው ያዩታል። እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል።

ቤት ሲደርስ ለፍሬገነት ነገራት። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ጠየቅካቸው?»

አልጠየቅኋቸውም አላት።

«እንግዲያ እሱን ተናገር። ሰጡኝ፣ አልጠየቅኋቸውም በል። እውነትም ነው።»

እውነት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ። ሳይጠየቅ ያለ ክፍያ ምርቱን የሚሰጥ አምራች ራሱን መከላከል የማይችል ተብሎ ተወካይ ይሾምለታል። መሸጥ የሚችለው ተወካዩ ነው፤ ባለቤቱ ይጠበቃል። ናሆም ይህን አነሣባት። ፍሬገነት ቀስ ብላ፣ ለመጣላት ሳይሆን ለማስረዳት፣ ተወካይ ቢሾምላቸው ምን ይሆናሉ አለችው። አይራቡም። የባቄላው ዋጋ ሳይጎድል ይገባላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ከመቆም ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ ይህን የሚመኝ ስንት አለ። ሶስና ግን ቦታዋን ካጣች አጣች ነው።

«መደቡን ይወስዱባቸዋል፣» አለ ናሆም።

«መደብ ነው፣» አለች ፍሬገነት። «ልጅ አይደለም።»

ትክክል ነበረች። ሶስና ከበሩ ደፍ ላይ ሆና ትሰማቸው ነበር። ስለ ኮሌጁ ትናገራለች ብለው ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«አባዬ፣» አለች፣ «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ሳታስተርፍልኝ?»

የማጣሪያ ክፍሉ ንጹሕና ሞቃት ነበር። አጣሪዋ ኤልዳና ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች ናት፣ ናሆምን ከመቀመጡ በፊት ወንበሩ ተመችቶት እንደሆነ ጠየቀችው። የታሸገው እሸት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀናት ስለቆየ ጠቁሯል። ኤልዳና እንደ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ ማስረጃው ደርቆ ክብደቱ ስለቀነሰ የሚያዘው የመጀመሪያው ቀን ክብደት ነው አለችው።

ናሆም ሌሊቱን ሲያገላብጥ ያደረውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እሳቸው በራሳቸው አልሰጡኝም፣ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ አለ።

«ምን ብለው ጠየቋቸው?»

እዚህ ላይ አልተዘጋጀም ነበር። የመጣለት የእናቱ ቃል ነው። «መርቁልኝ አልኳቸው።»

ኤልዳና ቃሉን በዚህ አገባብ አታውቀውም። ከተገዛው በላይ የሚጨመር ነው ብሎ አስረዳት። እሷም ክብደቱ ጎድሎብዎት ነበር ወይ ስትል ጠየቀችው። አልጎደለም አለ። ጥራቱ ወርዶ ነበር? አልወረደም። ታዲያ ለምን ይጨመራል ስትለው ናሆም ብዙ አሰበና ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር ከማለት ሌላ አላገኘም። «በልማድ የሚፈጸም ጫና» ስትል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስመዘገበች።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አሳርፋ እንደ ሰው አነጋገረችው። አያቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሰው እርሻ ላይ ነው። አሠሪያቸው ሲሸኛቸው ሁልጊዜ አንዲት ሥራ «በፈቃድህ» ብሎ ያለ ክፍያ ይጨምርባቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን መሥራት፣ አንድ ጊዜ አንድ ኩንታል መሸከም። በፈቃድህ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ስሰማው ያመኛል አለችው። ናሆም አመናት፤ እሱ ራሱ አጣሪ ቢሆን ኖሮ ከእሷ የተለየ እንደማያደርግ አሰበ።

«አንድ ችግር አለ፣» አለች ኤልዳና። «ወይዘሮ ሊዲያ ጠዋት ቀርበው ነበር። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው። "ልጁ አያውቅም። ወዲያ ሲያይ ነው የከተትኩለት። አፉንም አልከፈተም፤ እጄ ለምዶብኝ ነው" ነው ያሉት።»

ናሆም እማማ ሊዲያ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወንበሩ ተመችቷቸው እንደሆነ ተጠይቀው፣ ይህን ሲናገሩ ታየው። ስለ ሶስና ያውቃሉ። ራሱ ነው የነገራቸው፤ ቦታ ያገኘች ቀን ቃላቸውን ሳይሰማ መጀመሪያ እሱን ነበር የነገራቸው።

ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል ማለት ነው፣ ይህ ግልጽ ነው አላት።

«የትኛችሁ?» አለች ኤልዳና።

ወጥመድ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው፤ ጊዜ ሰጥታው ጠበቀችም። እኔ ነኝ የዋሸሁት ቢል ልጁ ቦታዋን ታገኛለች። እሳቸው ናቸው ቢል ሴትዮዋ መደባቸው ላይ ይቀራሉ። ናሆም የጠቆረውን እሸት እያየ ስለ ካፖርቱ አሰበ። አልጠየቀም፤ ግን በዚያ ፀሐይ ካፖርት የለበሰው ለምንድን ነው? እሳቸውስ አልሰጡም እንዳይባል፣ ያ ሁሉ ዓመት ሊያስተካክሉት ያጎነበሱለት ጆንያ መቼ ተንጋዶ ያውቃል? ይህን ቢነግራት የት እንደምታስመዘግበው አላወቀም። ኤልዳና ዝምታውን እስኪበቃው ድረስ ተወችለት።

«ይህ መሥሪያ ቤት የቆመው ሰው የተናገረው እንዲሰማለት ነው፣» አለች በመጨረሻ። «የማንንም ቃል አንጥልም። ሁለታችሁንም አምነናል።»

ሁለቱም ታመኑ። ናሆም ጠይቋል ተባለ፤ ጫና ነው። እማማ ሊዲያ ሳይጠየቁ ሰጥተዋል ተባለ፤ ራሳቸውን መከላከል አይችሉም ማለት ነው። ውሳኔው በሳምንቱ ደረሰ። የቤቱ እጅ ጎደፈ፣ የሶስና ቦታ ተጠባባቂ ለነበረች ሌላ ልጅ ተሰጠ፣ ናሆም እስከ ጥር ድረስ ገበያ እንዳይገባ ታገደ። ለእማማ ሊዲያ ተወካይ ተሾመላቸው።

ሶስና አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ሥራ ጀመረች። አባቷን አልወቀሰችውም። እራት ላይ የገረሱን ድምፅ ማስመሰል ግን ተወች። ፍሬገነት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሄድ ጀመረች። ከመጀመሪያው ቀን ስትመለስ ዕቃውን አስቀምጣ «ወንበር ላይ ናቸው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ናሆም አንድ ቀን ካፖርቱን ከመስቀያው ሲያወርድ የኪሱ አፍ ተሰፍቶ አገኘው። ክሩ ጥቁር ነው፣ ስፌቱ ደቃቅ ነው፣ እንደማይፈታ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለ እሱም አልተነጋገሩም።

ጥር ሲገባ እገዳው ተነሣ፤ የእሸት ወቅት አልፎ ባቄላው ደርቋል። ናሆም ካፖርቱን ለበሰና ሄደ። የሽንኩርቱን ሰማ፣ ሰምቻለሁ አለ። የጨውን ሰማ፣ ሰምቻለሁ አለ። መውጫው አጠገብ ደረሰ።

ከመደቡ ኋላ ጓንት ያደረገ፣ ጥሩ ፊት ያለው ወጣት ተወካይ ቆሟል። ከእሱ ኋላ መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ ወዲያ እማማ ሊዲያ ትራስ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሚጠበቅ አምራች ሽያጭ ላይ ምርቱን አይነካም። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ናሆም በልማዱ በቀኝ በኩል ቆመ፤ ከቆመ በኋላ ምክንያት እንደሌለው ገባው።

ቃሉ ጀመረ። ድምፁ የእሳቸው ነው፣ ግን ተስተካክሏል፤ ሳላቸው የለም፣ ቸኮል የሚሉበት ቦታ የለም። «ስሜ ሊዲያ ነው። ባቄላው የእኔ ነው። ቀደም ሲል ከምርቴ ላይ ያለ ክፍያ የሚወስድብኝ ደንበኛ ነበረኝ። አሁን ተጠብቄያለሁ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልቻለሁ።»

ሚዛኑ መልሱን ጠበቀ። ናሆም አልመለሰም። ወጣቱ ባለመስማቱ ይሆናል ብሎ በትሕትና ደግሞ አሰማው። ደንበኛው እንደገና ወሰደባቸው፣ እሳቸው እንደገና ተጠበቁ። ከኋላ የተሰለፉት መቁነጥነጥ ጀመሩ። ሳይገዛ ሊሄድ ይችላል፤ ቃሉን ሰምቶ ጥሎ መሄድ ግን አምራቹን መናቅ ተብሎ ይመዘገባል፣ ሶስና ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ገና ታመለክታለች።

«እማማ፣» አለ ከወጣቱ ትከሻ በላይ፣ «አህያዋ ደኅና ናት?»

«ሸጧት፣» አሉ እማማ ሊዲያ። «ታደክምዎታለች ብለው።» ቅሬታ አልነበረበትም፤ የደረሰውን እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት። ሶስና እንዴት ናት ብለው ጠየቁት። ደኅና ናት፣ ሥራ ይዛለች አላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ወደ ካፖርቱ ወረደና ስፌቱ ላይ ቆመ። ብዙ ጊዜ አዩት። ጭናቸው ላይ ያለው ቀኝ እጃቸው ጣቶቹን ሰብስቦ ትንሽ ጎደጎደ፤ እፍኝ የሚያህል ቦታ ሠራ፣ መልሶ ተዘረጋ።

«ናሆሜ፣» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን ቃሌን ሰማኸው?»

እንዳልሰማ እንዲነግራቸው የፈለጉ ይመስላል፤ ናሆም ይህን በኋላ ነው ያሰበው። በዚያ ሰዓት የታየው ፊታቸው ብቻ ነው። ለእናቱ ጓደኛ መዋሸት አልሆነለትም።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ፣» አላቸው።

ሚዛኑ ከረጢቱን ዘጋው። ወጣቱ አመስግኖ አቀበለው፤ ከኋላው የነበረችው ሴት ቦታውን ልትይዝ ተጠጋች፤ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ስሜ ሊዲያ ነው፣» አለ ባቄላው።